ላቦራቶሪ ሲቆጥርና ሽማግሌ ሲቆጥር

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላሉ አባቶቻችን። እኛም በዚህ ጽሑፍ ከሥሩ ልናየው የፈለግነው ጉዳይ ስለ ቤተ እስራኤል ዘርና ደም የሚወጡትን ሳይንሳዊ ጥናቶች በመካከላችን እንዴት እንደምናነባቸውና እንዴት እንደምንከራከርባቸው ነው። ጥናቶቹን ለማወደስ ብቻ ወይም ለመንቀፍ ብቻ አልተነሣንም። ሂሳችን በይበልጥ የሚያተኩረው በአንባቢው ላይ ነው፤ አንባቢውም እኛው ራሳችን ነን። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። በቡና ላይ፣ በለቅሶ ቤት ወይም ከሰንበት ጸሎት በኋላ ሰው ተሰብስቦ ሲጫወት አንድ ወጣት፣ «በጋዜጣ ወጥቷል፤ በዲ.ኤን.ኤ. ተመርምረን ከሌሎች አይሁዶች ጋር አንገናኝም ተብሏል» ብሎ ይጀምራል። ሌላው ይቀበልና፣ «እሱ የድሮ ነው፤ አሁንማ የንግሥተ ሳባ ታሪክ እውነት መሆኑ በሳይንስ ተረጋግጧል» ይላል። አንድ አባት ደግሞ፣ «ልጄ፣ እኔ አባቴንም አያቴንም አውቃለሁ፤ ደሜን ምን ብለው ይጠይቁታል?» ብለው ወሬውን ይዘጉታል። ከዚያ በኋላ ክርክሩ ስለ ጥናቱ መሆኑ ይቀርና ስለ ክብር ይሆናል። ከሦስቱ ግን ጥናቱን ያነበበ አንድም የለም።

ይህ ስሜት ከየት እንደመጣ አይጠፋንም። በ1973 ራቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል የዳን ነገድ ልጆች ናቸው ብለው ወሰኑ፤ በ1975 ደግሞ መንግሥት የመመለስ ሕግ እኛንም እንደሚመለከት ተቀበለ። ይሁን እንጂ በ1985 «ለጥርጣሬው ሲባል ሚክቬ ግቡ» ስለተባለ ወገኖቻችን አደባባይ ወጥተዋል። በ1996 መጀመሪያም የለገስነው ደም በድብቅ ሲጣል እንደነበረ ታወቀና በሺህ የሚቆጠር ሰው በኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ተሰልፏል። ለዚያ ድርጊት የተሰጠው ምክንያት ከኢትዮጵያ በመጡት ዘንድ የኤች.አይ.ቪ. ቁጥር ከሌላው ሕዝብ ከፍ ይላል የሚል ነበር። እንግዲህ ያቆሰለን ቁጥሩ ራሱ ሳይሆን የቡድን ቁጥር ተወስዶ በእያንዳንዱ ሰው ላይ መፈረዱ ነው። የሚያሳዝነው ዛሬ ስለ ዘር ስንከራከር ይህንኑ ስሕተት እኛው በራሳችን ላይ መድገማችን ነው።

እስቲ ብዙ ወሬ የተነሣባቸውን ሦስት ጥናቶች በየተራ እንያቸው።

የመጀመሪያው ሉኮትና ስሜትስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1999 «ሂውማን ባዮሎጂ» በተባለው መጽሔት ያወጡት አጭር ጥናት ነው። ጥናቱ እኛ በማንወደው ስም «ፈላሻ» እያለ ነው የሚጠራን። ተመራማሪዎቹ የመረመሩት ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፈውን ዋይ ክሮሞዞም ነበር። በሌሎች አይሁዶች ዘንድ የሚዘወተሩ ሁለት ዓይነት ምልክቶችን በእኛ ወንዶች ላይ ስላላገኙ፣ ቤተ እስራኤል የአይሁድን እምነት የተቀበሉ የጥንት የኢትዮጵያ ነዋሪዎች ልጆች ናቸው ሲሉ ደመደሙ።

እዚህ ላይ ሽማግሌዎቻችን ዘር እንዴት እንደሚቆጥሩ ማስታወስ ይጠቅማል። ጋብቻ ሲታሰብ በአባትም በእናትም በኩል እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። አንድ ሰው ሰባት ትውልድ ወደ ላይ ቢወጣ በሰባተኛው ደረጃ ላይ የ128 አያቶችን ቦታ ያገኛል። ዋይ ክሮሞዞም ከእነዚህ ከ128ቱ የሚመሰክረው ስለ አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም በአባት፣ በአባት፣ በአባት የሚወጣው ነው። ስለ ቀሩት 127 ምንም አይነግረንም። በሃላካ ደግሞ አይሁድነት የሚታየው በእናት በኩል ወይም በጊዩር ነው፤ ዋይ ክሮሞዞም ግን በሴት ላይ ጭራሽ አይገኝም። በዚህም ላይ «እምነት ተቀበሉ» የሚለው ቃል በላቦራቶሪ የታየ ነገር አይደለም። ላቦራቶሪው ያየው የምልክት አለመኖርን ነው፤ የቀረው የተመራማሪዎቹ ትርጓሜ ነው። በዚህ ጥናት ላይ ያለን ቅሬታ ስድብ ስለሆነ አይደለም፤ ከትንሽ ማስረጃ ትልቅ መደምደሚያ ስላወጣ ነው።

ሁለተኛው በ2010 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት የወጣው የዶሮን ቤሃርና የባልደረቦቹ ጥናት ነው። ይህ ከፊተኛው እጅግ የሰፋ ነው። በአንድ ክሮሞዞም ሳይወሰን መላውን የዘር ጽሑፍ አይቶ፣ 14 የአይሁድ ማኅበረሰቦችን አይሁድ ካልሆኑ 69 ሕዝቦች ጋር አስተያይቷል። ውጤቱ አብዛኞቹ የአይሁድ ማኅበረሰቦች እርስ በርሳቸው እንደሚቀራረቡ፣ ቤተ እስራኤል ግን ከኢትዮጵያ ጎረቤቶቻቸው ጋር፣ ቤኔ እስራኤልና የኮቺን አይሁዶች ደግሞ ከሕንድ ጎረቤቶቻቸው ጋር እንደሚቀራረቡ የሚገልጽ ነው። በመካከላችን ሲወራ የሕንዶቹ ነገር ተረስቶ እኛ ብቻ ተለይተን እንደወጣን ተደርጎ ይነገራል።

ሦስተኛው በ2012 ሉካ ፓጋኒና ባልደረቦቹ ያወጡት ነው። እነዚህ ከአሥር የኢትዮጵያ ሕዝቦችና ከሁለት ጎረቤት አገር ሕዝቦች የተወሰዱ የ235 ሰዎችን ናሙና መረመሩ። ሴማዊና ኩሻዊ ቋንቋ በሚናገሩት ኢትዮጵያውያን ዘንድ ከዘር ጽሑፋቸው ከ40 እስከ 50 በመቶ ያህሉ ከአፍሪካ ውጭ ካሉ ሕዝቦች ጋር እንደሚቀራረብ አገኙ። ድብልቁ የተከናወነበትን ጊዜም ወደ 3,000 ዓመት ገደማ ገመቱት። ጋዜጦች ወዲያው የንግሥተ ሳባን ስም በርዕሳቸው ላይ አወጡ። እኛም ርዕሱን አንብበን ደስ አለን።

አሁን ክርክራችንን እንመልከት። አንዱ ወገን የ2010ሩን ይዞ ያዝናል፤ ሌላው የ2012ቱን ይዞ ይኮራል፤ አንዱ ጥናት ሌላውን ያፈረሰ ይመስላቸዋል። ሁለቱ ጥናቶች ግን አይጣሉም። የፊተኛው ጎረቤቶቻችንን እንመስላለን አለ፤ የኋለኛው ጎረቤቶቻችን ራሳቸው ከጥንት ጀምሮ የተደባለቁ ናቸው አለ። ሁለተኛው ማስረጃ ለእኛ ብቻ የተሰጠ የክብር ወረቀት አይደለም፤ አማራውም ትግሬውም ኦሮሞውም ይካፈለዋል። 3,000 ዓመት የሚለውም ግምት ነው። ብዙ ሰው በረጅም ዘመን ውስጥ መደባለቁን እንጂ አንዲት ንግሥት ወደ ኢየሩሳሌም ሄዳ መመለሷን አያሳይም። እንዲሁም ጎረቤትን መምሰል ማለት በብዙ መቶ ዓመታት ውስጥ ማን ወደ ማን ገባ፣ ማን በየትኛው ሃይማኖት ኖረ የሚለውን አይመልስም። ጥቂት ሰው መጥቶ ከብዙ ሕዝብ ጋር ቢደባለቅ ከብዙ ትውልድ በኋላ በደም ውስጥ ያለው ፈለግ እየቀጠነ ይሄዳል። ሰንበቱና ኦሪቱ ግን እንዲህ አይቀጥንም፤ የሚተላለፈው በደም ሳይሆን በማስተማር ነውና።

ስለዚህ የተናደደውም የተደሰተውም በአንድ ነገር ተስማምተዋል። ሁለቱም ላቦራቶሪውን በሽማግሌ ወንበር አስቀምጠው «እኛ ማን ነን?» ብለው ጠይቀውታል። ላቦራቶሪው ግን ይህን አልተጠየቀም፤ አልመለሰምም። የተጠየቀው «የትኛው ናሙና ከየትኛው ናሙና ጋር ይቀራረባል?» ተብሎ ነው። «ደሜን ምን ብለው ይጠይቁታል?» ያሉት አባት ይህን ከሁሉ በተሻለ ተረድተውታል። እሳቸውንም ቢሆን የምንነቅፋቸው ወሬውን ስለዘጉት ነው። ምርምርን ጨርሶ አንሰማም ማለት የሚያስከፍለው ዋጋ አለና።

ለዚህ አንድ ምሳሌ እንስጥ። ደማችን ተጣለ ብለን በጮኽንበት በዚያው በ1996 እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው ስለ ኢትዮጵያውያን ሌላ ጥናት አውጥተዋል። ጥናቱ በጉበት ውስጥ መድኃኒት የሚፈጭ ኢንዛይም ስለሚያዘው ሲ.ዋይ.ፒ.2.ዲ.6 ስለተባለው ጂን ነበር። ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ ያህሉ ይህን ጂን በትርፍ ቅጂ ይዘው ተገኙ። ይህ ለምን ይጠቅማል ቢባል፣ ኮዴይን የተባለው የሕመም ማስታገሻ በጉበት ውስጥ በዚህ ኢንዛይም አማካይነት ወደ ሞርፊን ይለወጣል። ትርፍ ቅጂ ያለው ሰው በፍጥነትና በብዛት ሊለውጠው ስለሚችል ከባድ እንቅልፍና የትንፋሽ መድከም ሊያመጣበት ይችላል፤ አደጋው በሕፃናትና ጡት በሚጠቡ ልጆች ላይ ይብሳል። በ2017 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤት ኮዴይን ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች እንዳይሰጥ ወስኗል፤ የሚያጠቡ እናቶችም እንዳይወስዱት አስጠንቅቋል።

በዚህ ጥናት ላይ በለቅሶ ቤት ሲከራከሩ የሰማነው ሰው የለም። ጎረቤቶቻችንን እንመስላለን መባሉ ያናደደን ሰዎች፣ ይኸው መመሳሰል ለልጃችን መድኃኒት ሲታዘዝ የሚጠቅም እውቀት መሆኑን አላሰብንም። እዚህም ላይ የፊተኛውን ስሕተት እንዳንደግም መጠንቀቅ አለብን። ከመቶ 29 ሰው ማለት 71ዱ ትርፍ ቅጂው የላቸውም ማለት ነው። የእያንዳንዱ ሰው ሁኔታ የሚታወቀው በራሱ ምርመራ ነው። ስለዚህ ማንም የታዘዘለትን መድኃኒት በገዛ እጁ አያቋርጥ፤ በኩፓት ሖሊም ሐኪሙን ይጠይቅ።

ሳይንስ ራሱን እንደሚያርምም እንወቅ። በ2015 በደቡብ ኢትዮጵያ ጋሞ ውስጥ በሞታ ዋሻ ከተገኘ የ4,500 ዓመት ዕድሜ ካለው አፅም የተነበበ የዘር ጽሑፍ «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ወጣ። ተመራማሪዎቹ ከውጭ ወደ አፍሪካ የተመለሰ ሕዝብ ፈለግ እስከ ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ድረስ በብዛት ይታያል አሉ። በ1 ዓመት ጊዜ ውስጥ ግን በኮምፒዩተር ሥራቸው አንድ ደረጃ መዘለሉን ሌሎች ባለሙያዎች ስላሳዩአቸው፣ በ2016 ስሕተታቸውን አምነው እርማት አወጡ። ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ያሉት ጸንቶ ቀረ፤ ስለ ቀረው አፍሪካ ያሉት ተሻረ። የመጀመሪያውን ዜና ያወራ ብዙ ነው፤ እርማቱን ያወራ ግን ጥቂት ነው።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ወጣቶቻችን ዕብራይስጡንም እንግሊዝኛውንም አንብበው የሚረዱ ናቸው። ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሣ አራት ነገር እንዲጠይቁ እናሳስባለን። የተመረመሩት እነማንና ስንት ናቸው? ከማን ጋር ተነጻጸሩ? የትኛው የዘር ክፍል ታየ፣ አንዱ የአባት መስመር ነው ወይስ ሁሉም? የምንሰማውስ የተመራማሪው ቃል ነው ወይስ የጋዜጣው ርዕስ? መልሱን ይዘው ሲመጡ ለአባቶችና ለእናቶች በአማርኛ ያስረዱ፤ አባቶችና እናቶችም ወሬውን ሳይዘጉ ያድምጡ። የሰባቱን ቤት ቆጠራ ግን ሽማግሌዎቻችን ሳያልፉ ከአንደበታቸው እንማረው፤ እሱን የሚያስተምር ላቦራቶሪ የለም።