ሦስት አፍ ያለው አዳፕተር

አዳፕተሩ በመዳፍ ውስጥ የሚጠፋ ጥቁር ፕላስቲክ ነው። በሦስት ጎኑ ሦስት አፍ አለው፤ በአራተኛው በኩል የዩኤስቢ ገመድ ይወጣለታል። ሳዑዲ ውስጥ ጂዛን፣ ሰብያ፣ አቡ አሪሽ ወይም ሳምጣ የሚኖር ሐበሻ ይህን ዕቃ የሚፈልገው አሮጌ ላፕቶፕ ሲሞትበት ነው። ላፕቶፑ ይጣላል። ውስጡ ያለው የሠርግና የክርስትና ፎቶ ግን አይጣልም፤ ዲስኩ ተፈትቶ ወጥቶ በአዳፕተሩ ወደ አዲስ ማሽን ይገለበጣል።

ትልቁ አፍ የዴስክቶፕ ሃርድ ዲስክ ነው፣ አይዲኢ የሚባለው። 40 ቦታ አለው፤ በሁለት ረድፍ፣ ሃያ ሃያ ሆኖ፣ በ2.54 ሚሊሜትር ርቀት ተሰልፏል። 20ኛው ቦታ ብዙ ጊዜ ድፍን ነው። በዲስኩም ላይ እዚያው ጋ ፒን የለም። ገልብጦ ለመሰካት የሚሞክር እጅ እዚያ ላይ ይቆማል።

ሁለተኛው አፍ ያነሰ ነው፤ የአሮጌ ላፕቶፕ ዲስክ ይገባበታል። ርቀቱ ወደ 2 ሚሊሜትር ጠብቧል፣ ቁጥሩ ግን 44 ደርሷል። የተጨመሩት አራቱ ለኤሌክትሪክ የታሰቡ ናቸው። 41ኛው ለሰርኪውት ቦርዱ፣ 42ኛው ለሞተሩ 5 ቮልት ያደርሳሉ። 43ኛው ግራውንድ ነው። 44ኛው ሥራ የለውም። የላፕቶፕ ዲስክ በዚህ አንድ አፍ ብቻ የሚነሣው ለዚህ ነው፤ የዴስክቶፑ 12 ቮልት ጭምር ስለሚፈልግ የራሱ ፓወር ይቀጠልለታል።

በሁለቱም አይዲኢዎች 16 ቢት ጎን ለጎን ይሄዳል፤ በአንድ ምት 2 ባይት ማለት ነው። የመጨረሻው የአይዲኢ ደረጃ በሰከንድ 66.7 ሚሊዮን ጊዜ ይመታል። በ2 ሲባዛ 133 ሜጋባይት ይሆናል። ስሌቱ ቀጥተኛ ነው፣ የሚቀነስለት የለም። ዋጋው የተከፈለው በኬብሉ ነው። ፍጥነቱ ወደ 66 ሜጋባይት ሲያድግ የአንዱ ሽቦ ምልክት ወደ ጎረቤቱ መግባቱ አስቸጋሪ ሆነ። መሐንዲሶቹ 40ውን ሽቦ 80 አደረጉት። አዲሶቹ 40 ሁሉም ግራውንድ ናቸው፤ በማይስማሙ ጎረቤታሞች መካከል ሽማግሌ እንደሚቀመጥ በየሁለቱ ሽቦ መካከል ገቡ። መሰኪያው ያው ባለ 40 ሆኖ ቀረ። ርዝመቱም ከ45.7 ሴንቲሜትር ማለፍ የለበትም።

ሦስተኛው አፍ ሳታ ነው፣ በ2003 የመጣው። ከ40 ወደ 7 ወርዷል። ሦስቱ ግራውንድ ናቸው፤ የቀሩት አራቱ ሁለት ጥንድ፣ አንዱ ለመላክ፣ አንዱ ለመቀበል። በዲስኩ በኩል ግራውንዶቹ ከሌሎቹ ትንሽ ረዘም ስለሚሉ ሲሰካ ቀድመው ይነካሉ። በጥንዱ ውስጥ አንዱ ሽቦ ከፍ ሲል ሌላው ዝቅ ይላል፣ ተቀባዩም ልዩነታቸውን ብቻ ያነባል። ከውጭ የመጣ ረብሻ ሁለቱን እኩል ስለሚነካ ሲቀናነስ ይጠፋል።

እዚህ ላይ ስሌቱ ይጣመማል። የመጀመሪያው ሳታ 1.5 ጊጋቢት ነው። ባይት 8 ቢት ስለሆነ ለ8 ሲካፈል 187.5 ሜጋባይት ይሰጣል። በዝርዝሩ ላይ የሚጻፈው ግን 150 ነው። ልዩነቱን የሚፈታው ዊድመርና ፍራናሼክ የተባሉ የአይቢኤም ሰዎች በ1983 ያሳተሙት ዘዴ ነው። ሳታ ሰዓት የሚቆጥርበት የተለየ ሽቦ የለውም። ተቀባዩ ምቱን የሚጠብቀው ከ0 ወደ 1፣ ከ1 ወደ 0 በሚደረገው ለውጥ ነው። ዜሮ ብቻ ለረጅም ጊዜ ቢመጣ ምቱ ይጠፋዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ 8 ቢት ተመርጦ በተዘጋጀ 10 ቢት ይተካል። አንድ ዓይነት ቢት ከአምስት በላይ ተከታትሎ አይመጣም። አንዱ ቃል ስድስት 1 እና አራት 0 ከያዘ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ያልተመጣጠነ ቃል አራት 1 እና ስድስት 0 ይይዛል። ሒሳቡ ሁልጊዜ ይዘጋል። ለእኔ ከአዳፕተሩ ሁሉ የሚያምረው ይህ የማይታየው ክፍል ነው።

ስለዚህ ማካፈያው 10 ነው። 3 ጊጋቢት 300፣ 6 ጊጋቢት 600 ይሆናል። በ2008 የወጣው ዩኤስቢ 3 ያንኑ ዘዴ ስለሚጠቀም 5 ጊጋቢቱ 500 ነው። ዩኤስቢ 2 ሌላ መንገድ ይሄዳል፦ ስድስት 1 ከተከታተለ አንድ 0 ጣልቃ ያስገባል። 480ው ለ8 ሲካፈል 60 ይመጣል፣ መላክና መቀበል ግን በተራ ስለሆነ እጅ ላይ የሚደርሰው ከ30 እስከ 40 ነው። ከ2013 ወዲህ ያለው ባለ 10 ጊጋቢቱ ዩኤስቢ 128 ቢት በ132 ይልካል። ከአምስት አንድ የነበረው ግብር ወደ 3 በመቶ ወርዷል።

ሰማያዊውን የዩኤስቢ 3 ጫፍ አፉን ወደ ዓይን አዙሩት። ከፊት አራት የቆዩ መንኪያዎች፣ ከኋላ አምስት አዳዲሶች አሉ። አራቱ ቀድመው ስለሚነኩ ቀስ ተብሎ የተሰካ ዩኤስቢ 3 አንዳንዴ ዩኤስቢ 2 ሆኖ ይነሣል። ፈጠን አድርጎ መሰካት ይሻላል። ጥሩዎቹ መንኪያዎች በኒኬል ላይ ስስ ወርቅ ተለብጦባቸዋል። እንደ ጂዛን ባለ ጨዋማና እርጥብ የባሕር አየር ወርቁ ለጌጥ አይደለም።

አሁን እንቁጠር። 80 ጊጋባይት ተብሎ የተሸጠ የላፕቶፕ ዲስክ ዊንዶውስ ላይ 74.5 ሆኖ ይታያል። የጠፋ የለም፤ አምራቹ በ1,000፣ ዊንዶውስ በ1,024 ይቆጥራል። እንዲህ ያለ ዲስክ ከውጨኛው ጠርዝ በሰከንድ 40 ሜጋባይት ገደማ ያነባል፤ ወደ ውስጥ ሲገባ ክቡ ስለሚያጥር ወደ ግማሽ ይወርዳል። በአማካይ 30 ብንይዝ 80,000 ለ30፣ ወደ 45 ደቂቃ ነው። ዩኤስቢ 3 ከዚህ ላይ ቢያተርፍ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ የሚዘገየው ዲስኩ እንጂ ገመዱ አይደለም።

ስለዚህ ዲስካችሁ ባለ 44 ፒን ከሆነ ለሰማያዊው ጫፍ ተጨማሪ ሪያል አትክፈሉ። ሳታ ኤስኤስዲ ከሆነ ግን ክፈሉ። እሱ በሰከንድ 550 ሜጋባይት ገደማ ያነባል፤ በዩኤስቢ 2 ከሰካችሁት ከአሥር እጁ ዘጠኙ ይቀርባችኋል።