ቅይጥ ንግግር በሥራ ገበታ

በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ የሚገኙትን መሥሪያ ቤቶችና ፋብሪካዎች ንግግር ላዳመጠ ሰው አማርኛ ብቻውን ሲጓዝ የሚያገኘው ከስንት አንዴ ነው። «ፋይሉን ቼክ አድርጊና ለማናጀሩ ሴንድ አድርጊለት» የሚል ትእዛዝ ለማንም ጆሮ እንግዳ አይደለም። የቋንቋ ተቆርቋሪዎች ይህን ሲሰሙ «አማርኛ ሞተ» ብለው ያማርራሉ፤ የተውኔት ጸሐፍትም ተመልካችን ለማሳቅ ሲሹ ገጸ ባሕሪያቸውን እንዲህ ያናግሩታል። ሁለቱም ወገኖች ግን ጉዳዩን ከላዩ እንጂ ከሥሩ አልመረመሩትም።

ዐረፍተ ነገሩ ቢፈተሽ አጥንቱ አማርኛ ነው። «ፋይል» የአማርኛን ምዕላድ ለብሷል፤ «ቼክ» እና «ሴንድ» ብቻቸውን መቆም ስላልቻሉ «አደረገ»ን ተደግፈው ጾታንና ቁጥርን ከእርሱ ተቀብለዋል። እንግዳው ቃል ለባለቤቱ ሕግ ገብሯል እንጂ ሰዋስዉን አላፈረሰም።

መዋስም አዲስ ነገር አይደለም። የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት፣ የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሥራ፣ «ፋቡላ» እና «ኮመዲያ» የሚሉ የባዕድ ቃላትን በርእሱ ይዞ ነው የተነሣው። የጋራዥ ሠራተኛም «ካቻቢቴ»፣ «ፒንሳ»፣ «ኩሽኔታ» ሲል ጣልያንኛ መናገሩን ልብ አይልም። ሆኖም የጋራዡ ቃል ባለሙያውንና ተለማማጁን ያገናኛል፤ የቢሮው ቃል ግን ብዙውን ጊዜ አለቃን ከበታቹ ይለያል። የቅይጥ ንግግር ሚዛን መሆን የሚገባውም ይኸው ነው፤ መልእክቱ ለማን ደረሰ? ማንንስ ከበር አስቀረ?

ጥያቄው የሕይወት ጥያቄ የሚሆንበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1977 በቴኔሪፍ ደሴት ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች በመንደርደሪያው ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች አልቀዋል። ለአደጋው ጉሙን ጨምሮ ብዙ ምክንያቶች ተባብረዋል፤ አንደኛው ግን የሆላንዳውያኑ አብራሪዎች በእንግሊዝኛ የተናገሩት አሻሚ ሐረግ ነበር። እነርሱ ለመነሣት መንደርደር መጀመራቸውን ሲገልጹ፣ የመቆጣጠሪያው ማማ ግን በመነሻው ቦታ ቆመው የሚጠባበቁ መስሎት ነበር። የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው አነጋገር በእንግሊዝኛው ውስጥ ሾልኮ ሳይገባ እንዳልቀረ የሚያስረዱ የቋንቋ ሊቃውንት አሉ። ለአውሮፕላን በረራ የተወሰኑ ቃላትና ጥብቅ ሥርዓት ያስፈለገውም በዚህ መሰል ምክንያት ነው።

ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ብዙም ሳይርቅ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ የጀመረው የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሌላ ገጽታ ያሳያል። በዚያ የውጭ ኩባንያዎች ልብስና ጫማ ያሠራሉ። ከገጠር ለመጣች ወጣት ሠራተኛ «ላይን»፣ «ታርጌት»፣ «ኦቨርታይም» የሚባሉት ቃላት ደመወዟንና ዕረፍቷን የሚወስኑ ናቸው። ኦሮምኛ ወይም ወላይትኛ አፏን ለፈታች ሠራተኛ አማርኛው ራሱ ሁለተኛ ቋንቋ ነው፤ ስለዚህ «እንግሊዝኛው ወጥቶ ንጹሕ አማርኛ ይግባ» የሚለው መፍትሔ ብቻውን አይበቃትም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው ስለ ሥራው አደጋ ተገቢውን ማስገንዘቢያ እንዲያገኝ ያዛል። ያልተረዱት ማስገንዘቢያ ደግሞ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል።

እ.ኤ.አ. በ1972 ለአማርኛ ተቋቁሞ በኋላ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የተባለው ተቋም ለሳይንስና ለቴክኖሎጂ ስያሜዎችን ለማበጀት ደክሟል። ስያሜ ግን ከመጽሐፍ ገጽ ወርዶ በሠራተኛው አንደበት ካልተፈተነ ሕይወት አያገኝም። እዚህ ላይ የመምህሩ ድርሻ ተማሪው የተዋሰውን ቃል ትርጉም አብጠርጥሮ እንዲያውቅ ማድረግ ነው። የኪነ ጥበብ ሰው ድርሻ ደግሞ ከፌዝ ያለፈ ነው። ቅይጥ ተናጋሪውን መድረክ ላይ አውጥቶ ማሳቅ ቀላል ነው፤ የሚከብደው፣ አጠገቡ ቆማ ምንም ሳይገባት «እሺ» የምትለውን ሠራተኛ ማሳየት ነው። ሊጻፍ የሚገባው ተውኔትም የእርሷ ነው።