መዝገብና ሙግት፦ የሁለት የአማርኛ ሰዋስዎች ንባብ

የባየ ይማም ‹የአማርኛ ሰዋስው› (1987 ዓ.ም.) እና ቮልፍ ሌስላው በእንግሊዝኛ ያዘጋጁት የአማርኛ ማጣቀሻ ሰዋስው (1995 እ.ኤ.አ.) የታተሙት በተቀራራቢ ጊዜ ነው። አከታትሎ ላነበባቸው ሰው ግን ልዩነታቸው ከተጻፉበት ቋንቋ ያልፋል። ሰዋስው ምን ሊሠራ ይገባዋል ለሚለው ጥያቄ የሚሰጡት መልስ የተለያየ ነው።

ከ1000 ገጽ በላይ ያለው የሌስላው ሥራ መዝገብ ነው። ነባሩን የቃል ክፍሎች አደረጃጀት ተከትሎ ምሳሌዎቹን በፊደልና በድምፅ ጽሕፈት ያቀርባል። ፊደሉ መጥበቅን ስለማያሳይ ጥቅሙ ቀላል አይደለም፤ ‹ገና› የበዓል ስም ይሁን የጊዜ አመልካች፣ ‹ዋና› በውኃ ላይ የሚደረገው ይሁን የአለቅነት ቅጽል፣ ብቻውን ተጽፎ አይለይም። ይሁን እንጂ ክፍፍሉ ለምን እንዲህ እንደሆነ መጽሐፉ እምብዛም አይሟገትም።

የባየ መጽሐፍ ይሟገታል። ክፍሎቹን ስም፣ ግሥ፣ ቅጽል፣ ተውሳከ ግሥና መስተዋድድ ብሎ በአምስት ይወስናል፤ ተውላጠ ስምን በስም፣ መስተጻምርን በመስተዋድድ ሥር ያደርጋል። ቋንቋውም ይደግፈዋል፤ በ‹ስለ ልጁ› እና በ‹ስለመጣ›፣ በ‹ከቤት› እና በ‹ከመጣ› ያለው ምዕላድ አንድ ነው፤ የሚለየው ተከታዩ ነው። ሆኖም ይኸው ማስረጃ ለ‹እና› እና ለ‹ወይም› አይሠራም። እነዚህ አቻ ነገሮችን ያጣምራሉ እንጂ አንዱን ለሌላው ጥገኛ አያደርጉም። ስለዚህ ጥቅለላው ለጥገኛ አያያዦች አሳማኝ፣ ለአጣማሪዎች ግን ጠባብ ልብስ ነው።

ይህን መሰል እንከን መታየት መቻሉ ራሱ የባየ መጽሐፍ ብልጫ ነው፤ ምክንያቱን የገለጠ መጽሐፍ ለመታረም የተመቸ ነው። ክርክሩም በአማርኛ በመካሄዱ የሙያ ቃላቱ በተናጋሪው ፊት ይፈተናሉ። በአካባቢው ያሉ በርካታ ቋንቋዎች የሚገለጹት በባዕድ ቋንቋ ብቻ በመሆኑ ተናጋሪዎቻቸው የመረጃ ሰጪነት እንጂ የተከራካሪነት ቦታ አያገኙም። ለነዚህ ቋንቋዎች አጥኚ የሌስላው መጽሐፍ የመረጃን ስፋት፣ የባየ ደግሞ በራስ ቋንቋ መሟገትን ያስተምራል። ማስቀደም ካስፈለገ ሁለተኛው ይቅደም፤ መዝገብ የሚጠቅመው የሚጠይቀውን ለሚያውቅ ነውና።