መጥላትና መፍረድ፤ ስለ ብራምስና ስለ ቻይኮቭስኪ

የታላላቅ የሙዚቃ ደራስያን ስም በተነሣ ቁጥር ሁለት ዐይነት ሰዎች አይታጡም። አንደኛው ስሙ ገና ሲጠራ እጅ የሚነሣ ነው፤ ምን ሰምተህ ነው ያደነቅኸው ቢሉት ግን መልስ የለውም። ሁለተኛው «ዝናው ከሥራው ይበልጣል» ብሎ በአንድ ቃል የሚደመድም ነው፤ እርሱም ምክንያቱን ቢጠይቁት ይቈጣል እንጂ አያስረዳም። እነዚህ ሁለት ሰዎች ባላጋራዎች ይመስላሉ፤ በእውነቱ ግን ወንድማማቾች ናቸው። ሁለቱም የገዛ ጆሯቸውን ትተው በሰው አፍ ያደሩ ናቸውና።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ዓለም ታላቅ ያለውን ደራሲ መጥላት ይገባልን? ቢገባስ ጥላቻው ፍርድ ለመባል የሚበቃው መቼ ነው? ይህን ለመመርመር የባለሙያዎቹን የራሳቸውን ጠብ መመልከት ይበጃል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

ሩስያዊው ፒዮትር ቻይኮቭስኪ የቫዮሊን ኮንሰርቶውን የደረሰው በ1878 ነበር። በመጀመሪያ ያበረከተለት ታላቁ ቫዮሊን ተጫዋች ሊዮፖልድ አውር ሥራውን ለመጫወት አልፈቀደም። በመጨረሻ አዶልፍ ብሮድስኪ የተባለ ሌላ ተጫዋች ደፍሮ፥ በታኅሣሥ ወር 1881 በቪየና ከተማ ለሕዝብ አሰማው። ነገር ግን ልምምዱ በቂ አልነበረም፤ ለኦርኬስትራው የተገለበጠው ወረቀትም ስሕተት የሞላበት ስለ ነበር ተጫዋቾቹ እንዳይሳሳቱ በመፍራት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አጀቡ። ከአድማጩ ከፊሉ አጨበጨበ፥ ከፊሉም በፉጨት ነቀፈ።

በዚያን ዘመን በቪየና የሙዚቃ ፍርድ የሚሰማው ከኤድዋርድ ሐንስሊክ አፍ ነበር። ሐንስሊክ በጻፈው ትችት ቫዮሊኑ ተጫወተ ሳይሆን ተደበደበ አለ፤ የመጨረሻውን ክፍል ሲሰማ የሰከሩ ሩስያውያን ፊት እንደ ታየውና የርካሽ አረቄ ሽታ እንደ ሸተተው ጻፈ፤ ሙዚቃም ለጆሮ ሊገማ እንደሚችል በዚህ ሥራ ተረዳሁ ብሎ ደመደመ። ቻይኮቭስኪ ይህ ቃል ምን ያህል እንደ ወጋው የሚታወቀው፥ ጽሑፉን በቃሉ ይዞት እንደ ነበር ወዳጆቹ በመመስከራቸው ነው።

ሐንስሊክ አላዋቂ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ባልከበደ ነበር። እርሱ ግን በ1854 ባሳተመው መጽሐፉ፥ የሙዚቃ ውበት በራሱ በድምፁና በቅርጹ ውስጥ እንጂ ከውጭ በሚለጠፍበት ስሜት አይደለም ብሎ ያስተማረ ሊቅ ነው። እንግዲህ ድምፁን ብቻ መርምሩ ያለው ሰው፥ ፈተናው ሲመጣ ድምፁን ትቶ የሕዝብን ፊትና የመጠጥን ሽታ መረመረ። በዚያ የመጨረሻ ክፍል የገጠር ጭፈራ መኖሩ እውነት ነው፤ ከታች የማያቋርጠው የቼሎ ድምፅ ሲያጕረመርም ከላይ ቫዮሊኑ ይዘላል። ሐንስሊክ ይህን በትክክል ሰምቷል። ነገር ግን የሥራው ሕይወት የሆነውን ነገር የሥራው ነውር አድርጎ ቈጠረው። የገዛ ሕጉን ያፈረሰውም በሕዝብ ላይ ያለው ንቀት ነው።

የተበደለ ሁሉ ግን ከመበደል ንጹሕ አይደለም። ሐንስሊክ ከሁሉ አስበልጦ የሚያከብረው ደራሲ ዮሐነስ ብራምስ ነበር። ቻይኮቭስኪ በበኩሉ በ1886 የብራምስን ሥራ ከተጫወተ በኋላ በቀን መዝገቡ ላይ ተሰጥዎ የሌለው ሰው ነው ብሎ ሰደበው፤ እንዲህ ያለው ተራ ደራሲ እንደ ሊቅ መቈጠሩም እንዳናደደው ጻፈ። በሌላ ጊዜ ግን ምክንያቱን ገልጾአል፤ ብራምስ ቀዝቃዛና ጭጋጋም ነው፥ የሙዚቃ ሐሳቡንም ከፍጻሜ አያደርስም የሚል ነው።

ይህን ነቀፌታ በሥራው ላይ እንመዝነው። በ1885 የተፈጸመው የብራምስ አራተኛ ሲምፎኒ የመጨረሻ ክፍል የተመሠረተው፥ ከባሕ መንፈሳዊ ድርሰት በተወሰደ አጭር ሐሳብ ላይ ነው። ይህ ስምንት ምት-ቤት ብቻ ያለው ሐሳብ ሠላሳ ጊዜ ልብሱን እየለወጠ ይመላለሳል፤ ከዚያም በመደምደሚያ ይዘጋል። እንደ ወንዝ የሚፈስ ዜማ ፈልጎ የመጣ አድማጭ በእውነት ጥሙን አይቈርጥም። የብራምስ ጥበብ ያለው ሐሳቡ ራሱ በሆነው ነገር ሳይሆን ሐሳቡ በሚሆነው ነገር ነው፤ ድንጋዩን ሳይሆን ግንቡን ማየት ያሻል። ስለዚህ የቻይኮቭስኪ ጆሮ አልዋሸውም፥ ፍርዱ ግን ሳተ።

ሁለቱ ደራስያን በ1888 የአዲስ ዓመት ቀን በላይፕሲክ ከተማ በዚያው በብሮድስኪ ቤት ተገናኙ። በተከታዩ ዓመት ቻይኮቭስኪ አምስተኛ ሲምፎኒውን በሐምቡርግ ሲመራ፥ ብራምስ ልምምዱን ለመስማት ሲል ብቻ ጕዞውን በአንድ ቀን አዘገየ። ከዚያም ምሳ አብረው በልተው፥ ሥራው ደስ እንዳሰኘው፥ የመጨረሻው ክፍል ግን እንዳልጣመው ፊት ለፊት ነገረው። ቻይኮቭስኪ አልተቀየመም፤ ቅንነቱን አደነቀ። ሰውየውን ወደደው፤ ሙዚቃውን ግን እስከ መጨረሻው አልወደደለትም። በእኛም አስተያየት ብራምስ ከእውነት አልራቀም፤ በዚያ ክፍል ድሉ በነጋሪት ይታወጃል እንጂ በትግል የተገኘ አይመስልም። ቻይኮቭስኪ ራሱም ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ስለዚህ ሲምፎኒ ቅንነት ተጠራጥሮ ጽፎ ነበር።

ከዚህ የከፋ ጥላቻም አለ። ሪቻርድ ዋግነር በወጣትነቱ ጃኮሞ ማየርቤር ብዙ ረድቶት ነበር። እርሱ ግን በ1850 በብዕር ስም ተሸሽጎ፥ አይሁድ በሙዚቃ ውስጥ እውነተኛ ነገር መፍጠር አይችሉም የሚል ጽሑፍ አወጣ፤ በ1869ም በገዛ ስሙ ደገመው። «ሁጉኖቶች» የተባለው የማየርቤር ኦፔራ ከ1836 ጀምሮ በፓሪስ ከሺህ ጊዜ በላይ ታይቶ፥ ዛሬ ግን ከመድረክ የሚወጣው አልፎ አልፎ ነው። ስለ ሥራው ድካም የሚናገር ሰው በሙዚቃው ይነጋገር፤ በደራሲው ዘር የሚጀምር ግን ተቺ ሳይሆን ከሳሽ ነው። የዋግነርን ክፋት አይተን ሙዚቃው ከንቱ ነው ብንልም፥ ያንኑ ስሕተት ገልብጠን መሥራታችን ነው።

ስለዚህ አንባቢያችን ማንንም ታላቅ ደራሲ ሳይወድ ቢቀር አይፈር። የማይወዱትን ወደድሁ ማለት ከመጥላት የባሰ ነው። ነገር ግን ከመፍረዱ በፊት ራሱን ይጠይቅ፤ ሥራውን በደኅና አጫዋወት ሰምቼዋለሁን? የጠላሁት በድምፁ ውስጥ ያለውን ነው ወይስ የሰውየውን አገርና ዘር? ደራሲው ሊሠራ ያልፈለገውንስ አልሠራም ብዬ እየከሰስሁት ይሆንን? ለእነዚህ መልስ ያገኘ ሰው ጥላቻው ፍርድ ለመባል በቅቶአል፤ ሌላውም ሰው ሊከራከረው ይችላል። መልስ ያላገኘ ግን፥ እንደ ብራምስ ጕዞውን በአንድ ቀን ያዘግይና ደግሞ ይስማ።