የሦስቱ ጠራቢዎች እጅ

ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ የሚወርድ መንገደኛ ዓይኑ የሚያርፈው መንገዱ ላይ ነው። ጥምዝምዙ ያስጨንቃል፤ ጭነት የከበደው መኪና እያቃሰተ ይወጣል፤ ሙቀቱ እየበረታ ይሄዳል። መንገዱ የተቆረጠበትን ግድግዳ ልብ ብሎ የሚያይ ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ ስለዚያ ግድግዳ፣ ቀጥሎም ስለ ባሌ ተራሮች ድንጋይና ስለ ግብፅ በረሃ አሸዋ ላወጋችሁ እወዳለሁ። ሦስቱም የተጣራ ሥራ የሚታይባቸው ቦታዎች ናቸው። የመጀመሪያውን የጠረበው ወንዝ ነው፤ ሁለተኛውን በረዶ፤ ሦስተኛውን ነፋስ። ሥራቸውን ቀርቦ ላየው ሰው የአንዱ እጅ ከሌላው ጋር አይምታታም።

ገደሉ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ከአፋፉ እስከ ውሃው ከ1,300 ሜትር በላይ ይወርዳል። ይህን ያህል ጥልቀት አንድ ወጥ ግድግዳ ሆኖ አልተቆረጠም። እዚህ ቀጥ ይላል፣ እዚያ ይጋደማል፣ ደግሞ ቀጥ ይላል። ምክንያቱን ለማወቅ ከላይ ጀምሮ ንብርብሩን በዓይን መከተል ይበቃል። አናቱ ላይ ያለው ጥቁር ባዛልት ነው፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ስንጥቅ የፈሰሰ እሳተ ገሞራ በተራ በተራ እየተደራረበ የሠራው። ቅልጡ ድንጋይ ሲቀዘቅዝ ተኮማትሮ ከላይ እስከ ታች ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ በብዙ ቦታ ጎን ለጎን የቆሙ፣ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ጎን ያላቸው ምሰሶዎች ይታያሉ። ውሃ በስንጥቁ ገብቶ ከሥሩ ሲቦረቡረው የሚወድቀው ምሰሶው እንዳለ ነው። ከኋላው ያለው ምሰሶ ደግሞ እንደዚያው ቀጥ ብሎ ይጋለጣል። ባዛልቱ ስንት ጊዜ ቢናድ ገደልነቱን የማይለቀው በዚህ ነው።

ከባዛልቱ ወረድ ሲሉ ቀለሙ ይነጣል። ይህ የኖራ ድንጋይ ነው፤ የዳይኖሰር ዘመን በሚባለው ጊዜ አገሩ በባሕር ተሸፍኖ ሳለ ከባሕር ወለል ላይ የተጠራቀመ። በጥንቃቄ ለሚፈልግ ሰው የቀንድ አውጣና የሌሎች የባሕር እንስሳት ቅርፊት በውስጡ አይጠፋም። እሱም ጠንካራ ስለሆነ ገደል ሆኖ ይቆማል። ከሥሩ ግን ጀሶና የሸክላ አፈር የተቀላቀሉበት ለስላሳ ንብርብር ይመጣል፤ ግድግዳውም ወዲያው ይጋደማል። ጀሶ በውሃ ይሟሟል፣ ሸክላው ውሃ ሲጠጣ ያንሸራትታል፤ በዚህ ከፍታ ላይ የሚያልፈው መንገድ በየክረምቱ የናዳ ስጋት የማይለየው ለዚህ ነው። ከዚያ በታች ቀይ የአሸዋ ድንጋይ እንደገና ቀጥ ይላል፤ ከግርጌው ወንዙ አለ።

እንግዲህ ወንዙ ራሱ የሚቆርጠው ከአልጋው ስፋት አያልፍም። አባይ ወደ ታች ብቻ ነው የሚሠራው። ገደሉን ከአፋፍ እስከ አፋፍ በኪሎ ሜትሮች ያሰፉት ዝናቡ፣ ናዳውና ከየጎኑ የሚገቡት ገባር ወንዞች ናቸው፤ ወንዙ ግርጌውን ባጠለቀ ቁጥር ግድግዳው ሚዛኑን እያጣ ወደ እሱ ይወርዳል፣ እሱም የወረደለትን ጠርጎ ይሄዳል። ጠንካራው ንብርብር ገደል፣ ለስላሳው ተዳፋት ሆኖ የቀረው ሥራው የእያንዳንዱን ድንጋይ ጠባይ ጠብቆ ስለተሠራ ነው። ሰው ሠራሽ ቁፋሮ ሁሉንም በአንድ ልክ ይቆርጣል፤ ወንዝ ግን ለእያንዳንዱ ድንጋይ የሚገባውን ቅርጽ ይሰጠዋል። እኔ በዚህ ሥራ ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው ይህን ነው።

ወንዝ በምን ይቆርጣል? ንጹሕ ውሃ ብቻውን በባዛልት ላይ አቅም የለውም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ አባይ ቡናማ ሆኖ ሲወርድ ግን የተሸከመው አሸዋ፣ ጠጠርና ድንጋይ መሣሪያው ይሆናል። ሥራውን በቅርብ ለማየት ውሃው የጎደለበትን ወቅት መርጦ ወንዙ ያጋለጠውን አለት መፈተሽ ነው። ከጭስ አባይ ፏፏቴ በታች፣ በ17ኛው መቶ ዘመን የተሠራው የድንጋይ ድልድይ ባለበት አካባቢ፣ ወንዙ በጥቁር አለት መካከል ተጣቦ ያልፋል። እንዲህ ባለው ቦታ የአለቱ ገጽ ማዕዘን አይኖረውም፤ ሁሉም ነገር ክብና ልሙጥ ነው። በአለቱ ላይ የሚገኙት ክብ ጉድጓዶች ደግሞ ለብቻቸው የሚደነቁ ናቸው። አፈጣጠራቸው ቀላል ነው። አንድ ጠጠር በአለቱ ጎድጓዳ ቦታ ይገባል፤ የሚሽከረከረው ውሃ አብሮ ያሽከረክረዋል፤ ጠጠሩ አለቱን እየፋቀ ራሱም እያለቀ ይሄዳል። ጠጠሩ ሲያልቅ የሚቀጥለው ክረምት ሌላ ያመጣል። ጉድጓዱ በጠለቀ ቁጥር አንዴ የገባ ድንጋይ በቀላሉ አይወጣም፤ ስለዚህ ሥራው ከአፉ ይልቅ ወደ ታች ይበረታል። በጋ ላይ እጁን ሰዶ የሚዳብስ ሰው ከታች የመጨረሻዎቹን ሠራተኞች ያገኛቸዋል፤ እንቁላል መስለው የተሞረዱ ጥቂት ጠጠሮች።

ወደ ጎሐ ጽዮኑ ገደል ስንመለስ፣ ከግርጌው ያለው ቀዩ የአሸዋ ድንጋይም የሚነግረን አለው። ንብርብሩ ሁሉ አግድም አይደለም፤ በሁለት አግድም መስመሮች መካከል ሰያፍ የሆኑ ቀጫጭን መስመሮች ተደርድረው የሚታዩበት ቦታ አለ። አሸዋ በውሃ ሲገፋ በትንሽ ክምር ጀርባ ወጥቶ በፊት ለፊቷ ይንከባለላል፤ ሰያፉ መስመር ያ የተንከባለለበት ፊት ነው። መስመሩ ያዘነበለበትን አቅጣጫ ያየ ሰው ውሃው ወዴት ይፈስ እንደነበር ያውቃል። ማለትም አባይ ዛሬ የሚቆርጠው ድንጋይ ራሱ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያለፋቸው ወንዞች ያነጠፉት ነው። የአንዱ ወንዝ ሥራ ለሌላው ወንዝ ጥሬ ዕቃ ሆኗል።

ወንዝ ይመርጣል፤ ትልቁን ድንጋይ ቶሎ ይጥላል፣ አሸዋውን ራቅ ያደርሳል፣ ደለሉን እስከ ባሕር ይወስዳል። የበረዶ ግግር እንዲህ አያደርግም። ቤት የሚያህል ቋጥኝና ዱቄት የሚያህል ትቢያ እኩል ጭኖ ይሄዳል፤ ሲቀልጥም ሁለቱን አንድ ላይ ይጥላቸዋል። ስለዚህ የግግር መንገድ ከሚታወቅበት ምልክት አንዱ በሸለቆ ውስጥ እንደ ግንብ የተዘረጋ፣ ትልቁና ትንሹ ሳይለይ የተደባለቀበት የድንጋይ ክምር ነው።

እንዲህ ያሉ ክምሮች በአገራችን አሉ። ራስ ዳሸን አካባቢ ይገኛሉ፤ በሰፊው ግን የሚታዩት በባሌ ተራሮች ነው። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ የሳነቴን አምባ ሲያቋርጥ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ከፍተኛው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። ቀን ፀሐይ ያቃጥላል፣ ሌሊት ውርጭ ነው፤ ጅብራ ቆሞ፣ ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ሲያድን የሚታይበት አገር ነው። ከ40 ሺህ እስከ 30 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ግን ከአምባው ላይ የበረዶ ግግር ወደ ሸለቆዎቹ ይወርድ ነበር። ይህ የታወቀው ግግሩ ጥሏቸው ከሄደ ቋጥኞች ገጽ ነው። አንድ ድንጋይ ከተጋለጠበት ቀን ጀምሮ ከጠፈር የሚመጣ ጨረር በውስጡ ልዩ የክሎሪን ዓይነት ይፈጥራል፤ ያ ሲለካ ድንጋዩ እዚያ ከተቀመጠ ስንት ዘመን እንደሆነው በግምት ይታወቃል።

ይህን ሥራ በዓይናቸው ያዩ ሰዎችም ነበሩ። ፊንጫ ሀበራ በሚባለው የባሌ ዋሻ፣ 3,400 ሜትር በሚያልፍ ከፍታ ላይ፣ በዚያው የበረዶ ዘመን ሰዎች ይኖሩ እንደነበር ቁፋሮ አሳይቷል። ፍልፈል ጠብሰው ይበሉ ነበር፤ ለመሣሪያቸው የሚሆነውን ጥቁር የእሳተ ገሞራ መስታወት የሚያመጡት ከዋሻው በላይ፣ ከግግሩ ጎን በረዶ ካልሸፈነው ሸንተረር ነበር። ከላይ ግግሩ ተራራውን ሲፍቅ፣ ከታች ሰው የዚያኑ ተራራ ድንጋይ እየፈለጠ ስለት ያወጣ ነበር።

የሳነቴ ትልቁ ሥራ ግን በእኔ ዓይን ግግሩ የተወው ክምር አይደለም። በአምባው ደቡብ በኩል፣ በተዳፋት ላይ፣ ድንጋዮች በረድፍ ተሰልፈው ይታያሉ። ከረድፎቹ እስከ 1,000 ሜትር የሚረዝሙ፣ እስከ 15 ሜትር የሚሰፉና እስከ 2 ሜትር የሚጠልቁ አሉ። ድንጋዩ ከባድ የባዛልት ምሰሶ ነው፤ በሁለት ረድፍ መካከል ያለው መሬት ግን ደቃቅ አፈር ነው። ሰው የደረደረው ይመስላል። የደረደረው ውርጭ ነው። በበረዶው ዘመን መሬቱ ደጋግሞ ሲረጋና ሲቀልጥ፣ የረጋው ውሃ እያበጠ ድንጋዩን ከአፈሩ ይገፋዋል፤ ሲቀልጥ አፈሩ ይወርዳል፣ ድንጋዩ ግን ወደ ነበረበት አይመለስም። ይህ ስፍር ቁጥር የሌለው ጊዜ ሲደጋገም ድንጋይ ከድንጋይ፣ አፈር ከአፈር ጋር ይሰበሰባል። ግግሩ አደባልቆ ያመጣውን ዓይነት መሬት ውርጩ ለይቶ አሰለፈው። ይህን ያህል ግዙፍ ረድፍ የሚጠበቀው ወደ ምድር ዋልታ ነው፤ በእኛ ሐሩር ቀበቶ መገኘቱ ተመራማሪዎችን ያስደነቀ ነገር ነው።

ሦስተኛውን ጠራቢ ለማየት አባይን ተከትሎ መውረድ ያስፈልጋል። ወንዙ ከደጋችን የሚወስደው ደለል በዓመት ከመቶ ሚሊዮን ቶን በላይ ነው። ዛሬ አብዛኛው በግድቦች ይያዛል እንጂ፣ ከዚያ በፊት እስከ ሜዲትራኒያን ይደርስ ነበር። ግብፅ ውስጥ ወንዙ ከባሕር በሚገናኝበት በረሺድ ዳርቻ ጥቁር አሸዋ አለ። ጥቁረቱ በውስጡ ካለው ብረት አዘል ማዕድን የመጣ ሲሆን፣ ምንጩ በአብዛኛው የኢትዮጵያ እሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ማዕበሉና ነፋሱ አንድ ላይ ሆነው ቀላሉን ነጭ አሸዋ ወደ ጎን እያደረጉ ከባዱን ጥቁር ቅንጣት ለብቻው ይሰበስቡታል። አውድማ ላይ እህል ወደ ላይ ሲበተን ፍሬው ከሥር፣ ገለባው ከነፋሱ ጋር እንደሚለያይ ማለት ነው። ጎሐ ጽዮን ላይ የምናየው ጥቁር ባዛልት ዘመዱ እዚያ ድረስ ተጉዟል።

ነፋስ ከሦስቱ ሁሉ ጉልበቱ ያነሰ፣ ምርጫው ደግሞ የጠራ ነው። ጠጠር ማንሳት አይችልም፤ አቧራውን ወደ ሰማይ ይወስደዋል፤ በመካከል ያለችውን አሸዋ ግን ያዘልላታል። እንግሊዛዊው መኮንን ራልፍ ባግኖልድ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹና 30ዎቹ የግብፅንና የሊቢያን በረሃ በመኪና ካቋረጠ በኋላ ይህን ዝላይ በነፋስ መተላለፊያ ሣጥን ውስጥ አጠና፤ እ.ኤ.አ. በ1941 ባሳተመው መጽሐፍም የአሸዋ ጉዞ ሕግ እንዳለው አሳየ። አንዷ ቅንጣት ዘልላ ስትወድቅ ሌሎችን ታስነሳለች፤ እነሱም ሲወድቁ እንደገና። አብዛኛው ዝላይ ከመሬት ከአንድ ሜትር በታች ነው። በግብፅ ነጭ በረሃ፣ በፋራፍራ አካባቢ፣ ለስላሳው ነጭ ድንጋይ አናቱ ሰፍቶ አንገቱ የቀጠነው በዚህ ነው፤ አሸዋው የሚደርሰው አንገቱ ጋ ስለሆነ የሚፋቀውም እዚያው ነው።

በኻርጋ በረሃ ደግሞ የጨረቃ ቅርጽ ያላቸው የአሸዋ ኮረብታዎች አሉ። ጀርባቸው ለነፋሱ ነው፤ ገር ብሎ ይወጣል። ፊታቸው በ33 ዲግሪ ገደማ ይቆማል፤ ደረቅ አሸዋ ከዚያ በላይ ቢቆለል ራሱን ችሎ አይቆምምና ይንሸራተታል። ሁለቱ ጫፎች ቀጭን ስለሆኑ ከመካከሉ ፈጥነው ወደ ፊት ይሄዳሉ፤ ቀንድ የሚሆኑት ለዚህ ነው። ኮረብታው በዓመት ከ10 ሜትር በላይ ሊጓዝ ይችላል፤ ትንሹ ከትልቁ ይፈጥናል። ቅንጣቶቹ ከጀርባ ተነሥተው በፊት ይወድቃሉ፣ ይቀበራሉ፣ እንደገና ከጀርባ ይወጣሉ። አሸዋው እየተለወጠ ቅርጹ ይጓዛል። ጎንበስ ብሎ ጀርባው ላይ ያሉትን ትንንሽ ሞገዶች ያየ ሰው ደግሞ ሸካራዎቹ ቅንጣቶች በሞገዱ አናት ላይ፣ ደቃቁ በመካከል ሆኖ ያገኘዋል። ነፋስ እጅ በማይገባበት ቦታም ለይቶ ነው የሚያስቀምጠው።

ሦስቱን አብሬ ሳስብ የማየው አንድ ነገር ነው። አንዱም የራሱ መሣሪያ የለውም። ወንዝ የሚቆርጠው በጠጠር ነው፣ ግግር የሚፍቀው በተሸከመው ቋጥኝ፣ ነፋስ የሚሞርደው በአሸዋ። ምድርን የሚጠርባት ራሷ ምድር ናት፤ ልዩነቱ ማን ምን ያህሉን፣ በምን ፍጥነት ያነሳል የሚለው ላይ ነው። ውበታቸው ከትዕግሥታቸው ብቻ አልመጣም፤ ትዕግሥት ብቻውን ክምር እንጂ ቅርጽ አያወጣም። ቅርጹ የመጣው ከልክ ነው። ምሰሶው በስንጥቁ ይወድቃል፣ አሸዋው በማዕዘኑ ይቆማል፣ ድንጋዩ በረድፉ ይሰለፋል።

ይህ ሥራ የእኛም ሀብት ነው፤ አያያዛችን ግን የባለሀብት አይደለም። የሳነቴ ረድፎች በሺህ ዓመታት ውርጭ የተሰለፉ ናቸው፤ ለግንብ የሚጫን ድንጋይ ፈልጎ የሚመጣ አንድ ቡድን በጥቂት ቀን ሊበትናቸው ይችላል። እነሱን የሠራው ብርድ ስለሄደ ዳግም አይሠሩም። የአባይ ገደል ደግሞ ማንም ተማሪ በአውቶቡስ መስኮት ሊያነበው የሚችል መጽሐፍ ሆኖ ተዘርግቷል። ከጎሐ ጽዮን መውረጃ ጀምሮ በየንብርብሩ ፊት የድንጋዩን ስም፣ ዕድሜና ማን እንዳነጠፈው የሚገልጽ ሰሌዳ ይቁም። የጂኦግራፊ መምህራንም ልጆቹን ከመጽሐፉ ሥዕል ወደ ራሱ ግድግዳው ያውርዷቸው። ለአንድ አገር ልጅ ባሕር የነበረውን አገሩን በጣቱ እየነካ ከመማር የሚበልጥ የምድር ትምህርት አይኖረውም።