ስለ አካል ጉዳተኛ ልጅ ታሪክ አተራረክ

መጽሐፍ በወጣ ጊዜ ጉድለቱንና መልካምነቱን መርምሮ መናገር የተለመደ ነው። በአፍ የሚነገር ታሪክ ግን ከመጽሐፍ ይልቅ ወደ ብዙ ቤት የሚገባ ሲሆን መርማሪ የለውም። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን ለደሴና ለኮምቦልቻ አንባቢ ቅርብ የሆነውን የወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤን ታሪክ እንመለከታለን። የምንነቅፈውም ታሪኩን ሳይሆን አተራረኩን ነው።

ወይዘሮ የትነበርሽ በ1982 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያለውም ዘመን ሁሉ እንዲሁ ነው) በወሎ በአማራ ሳይንት ተወለዱ፤ በ5 ዓመታቸውም ታመው የዓይናቸውን ብርሃን አጡ። ኋላም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማሩ፤ በ2017 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ተራኪው ሕመሙን በአንድ ቃል፣ ሽልማቱን በሌላ ቃል ተናግሮ የጨረሰ እንደ ሆነ፣ ሰሚው ወላጅ «የታደለች ናት» ብሎ ያደንቃል፤ የራሱን ልጅ ግን ወደ ጓዳ ይመልሳል።

የዚህ አተራረክ ፊተኛው ጉድለት መካከሉን መዝለሉ ነው። ሕፃኗ ከአገሯ ወጥታ የገባችው በሻሸመኔ ወዳለው የካቶሊክ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ነበር፤ ከደሴ ተነሥቶ በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ የወረደ ሰው፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ሻሸመኔ ምን ያህል መንገድ እንደሚቀር ያውቃል። ኋላም በአዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከዓይናሞች ጋር ተማረች። እንግዲህ ዕድል የተባለው ነገር ትምህርት ቤት፣ መምህርና የቤተ ዘመድ ፈቃድ ሆኖ ይገኛል። ደግሞም ወይዘሮ የትነበርሽ ራሳቸው ዓይነ ስውርነታቸው በልጅነት ከመዳር እንዳዳናቸው ተናግረዋል። ይህን ቃል የሚዘል ተራኪ የታሪኩን መራራ ነገር ይሸሽጋል፤ ስለ ዓይነ ስውሯ ልጅ እያዘነ፣ ዓይን ኖሯት ያለ ዕድሜዋ ስለ ተዳረችው እኅቷ እንዳይጠየቅ ያደርጋልና።

ከዚህ ጋር በ1903 ዓ.ም. የታተመውን የሔለን ኬለርን የሕይወት ታሪክ ብናስተያይ ልዩነቱ ይገለጣል። ማየትና መስማት የተሳናት ያች አሜሪካዊት ሕፃን፣ አን ሰሊቫን የምትባል መምህርት በ1887 ዓ.ም. መጥታ በመዳፏ ላይ ፊደል እየጻፈች አስተማረቻት። መጽሐፉም የተማሪዋን ቃል ብቻ አላተመም፤ የመምህርቷንም ደብዳቤዎች ጨምሮ አወጣ። ስለዚህ አንባቢው ከማድነቅ አልፎ ሥራው እንዴት እንደ ተሠራ ይማርበታል።

ሁለተኛው ጉድለት ልጁን በሽልማት መመዘኑ ነው። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ዓይነ ስውሩን ከዓይናማው ጋር አስቀምጦ ዳዊቱንና ዜማውን በቃሉ ያስጠናዋል፤ ግብጻዊው ጣሃ ሑሴንም ዓይነ ስውር ሳለ ቁርዓንን እንዲሁ በቃሉ እንዳጠና በሕይወት ታሪኩ ጽፏል። ይህ ትምህርት በጆሮ የሚሰጥ ስለ ሆነ ለዓይነ ስውሩ በሩ ክፍት ነው፤ መስማት ለተሳነው ሕፃን ግን ዝግ ነው። እንግዲህ ልጁን የሚያስቀረው ጉዳቱ ብቻ ሳይሆን የትምህርቱም አኳኋን ነው። አእምሮው የሚዘገይ ወይም ቃል የማይወጣው ልጅስ? እርሱ ምናልባት ዲግሪም ሽልማትም አይቀበል ይሆናል፤ ታዲያ ታሪክ የለውምን?

ለዚህ መልስ የሚሆነን የወይዘሮ ዘሚ የኑስ ሥራ ነው። ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት ቢያጡ፣ በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል አቋቋሙ፤ መናገር ለሚያስቸግራቸው ልጆችም በፊደላችን ድምፅ ላይ የተመሠረተ ማስተማሪያ አዘጋጁ። በ2021 ዓ.ም. ዐረፉ። በእንዲህ ያለ ታሪክ ውስጥ ትልቁ ነገር አንድ ሕፃን አንዲት ድምፅ ማውጣቱ ወይም ልብሱን ራሱ መልበሱ ነው። ተራኪ ይህን ትንሽ ነገር አክብሮ መናገርን ካልተማረ፣ የብዙውን ወላጅ ታሪክ ሳይናገር ይቀራል።

ይህ ነገር ካህናትን ይልቁን ይመለከታቸዋል። ወላጅ ልጁን አስቀድሞ ይዞ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ወደ እነርሱ ነውና። ማን ኃጢአት ሠርቶ ነው የሚለው የደቀ መዛሙርት ጥያቄ በዮሐንስ ወንጌል በ9ኛው ምዕራፍ ተመልሷል፤ በልጁም በወላጆቹም ላይ አልተፈረደም። የተመለሰውን ጥያቄ እንደ ገና ማንሣት የታሪክን መጀመሪያ ማበላሸት ነው። ስለዚህ ከደሴም ሆነ ከኮምቦልቻ እናት ልጇን ይዛ በመጣች ጊዜ፣ የአማራ ሳይንቷን ልጅ ሽልማት ብቻ ነግሮ መሸኘት አይበቃም። ትምህርት ቤቱን፣ መምህሩንና መንገዱን ጨምሮ ሊነግራት፣ ትምህርት ቤቱም በቅርቧ ከሌለ እንዲከፈት ከእርስዋ ጋር ሊጠይቅላት ይገባል።