ሎተሱን የሚልጠው ማን ነው?

አማርኛ ከአገሩ ወጥቶ ለሚኖር ሰው ስም አያጣም። ስደተኛ ይለዋል፤ ግዞተኛ ይለዋል፤ እንደ ነገሩ ሁኔታ መንገደኛ፣ ነጋዴ፣ ተማሪ፣ እንግዳ ይለዋል። ሥራው በአንድ አገር፣ ዜግነቱ በሌላ አገር ሆኖ፣ የትዳር ጓደኛውንና ሕፃናት ልጆቹን ይዞ ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት በሦስተኛ አገር ለሚቀመጥ ሰው ግን እስካሁን የረጋ ስም አላወጣለትም። መንግሥታት በዚህ ረገድ ከቋንቋው ቀድመዋል፤ ስም አውጥተውለታል፣ ዋጋም ቆርጠውለታል። ግሪክ በ2021 ባወጣችው ሕግ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከግሪክ ውጪ ላለ ቀጣሪ በርቀት የሚሠራ የውጭ ሰው በወር 3,500 ዩሮ እንደሚያገኝ ካስረዳ እንዲቀመጥ ትፈቅድለታለች። ባል ወይም ሚስት ካስከተለ ገቢው በ20 በመቶ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ደግሞ በ15 በመቶ ከፍ ማለት አለበት። ኬንያም በ2024 ለእንዲህ ያሉ ሠራተኞች የሚሰጥ የፈቃድ ዓይነት አውጥታለች። ሕፃን አስራ አምስት በመቶ ነው የሚለው ስሌት ከየት እንደመጣ የሕግ ሰዎች ያውቁት ይሆናል፤ ልጅ ያሳደገ ሰው ግን ቁጥሩን ሲያይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

ይህ አኗኗር የኢንተርኔት ዘመን ልጅ ተደርጎ ይወራል። ይሁን እንጂ ከሰባ ዓመት በፊት በጽሕፈት መኪናና በፖስታ ተሞክሯል። ከሞከሩት መካከል አውስትራሊያዊቷ ደራሲ ቻርሚያን ክሊፍት ሒሳቡን በሁለት መጻሕፍት አስፍራ አልፋለች። መጻሕፍቱ ለረጅም ጊዜ ተረስተው ከቆዩ በኋላ በ2021 በእንግሊዝ እንደገና ታትመዋል፤ ጊዜው ሰዎች ከቢሮ ወጥተው በየቤታቸው መሥራት የለመዱበት መሆኑም መልካም አጋጣሚ ሆኖላቸዋል።

ክሊፍትና ባልዋ ጆርጅ ጆንስተን ለንደንን የለቀቁት በ1954 መጨረሻ ነው። ጆንስተን በዚያ የአንድ አውስትራሊያዊ የጋዜጣ ድርጅት ቢሮ ኃላፊ ነበር። የታወቀ ደመወዙንና የታወቀ ወንበሩን ትቶ፣ የሰባት ዓመት ወንድና የአምስት ዓመት ሴት ልጆቻቸውን አስከትለው፣ ካሊምኖስ ወደምትባል የግሪክ ደሴት ተሻገሩ። አሳባቸው ለጥቂት ጊዜ ተቀምጦ መጽሐፍ መጻፍ፣ የጻፉትን በፖስታ ወደ ለንደንና ወደ ኒውዮርክ መላክ፣ አሳታሚዎች በሚልኩት ገንዘብም መኖር ነበር። ለጥቂት ጊዜ የተባለው ዐሥር ዓመት ገደማ ፈጀ።

የመጀመሪያው መጽሐፍ «መርሜይድ ሲንጊንግ» በ1956 ታተመ። ርእሱ የባሕር ልጃገረዶችን ዜማ ያስታውሳል፤ መጽሐፉም እንደ ርእሱ ዜማ አለው። ደሴቲቱ ደረቅ ድንጋይ ናት፤ ሕዝቧ የሚኖረው ከባሕር ወለል ሰፍነግ እየለቀመ ነው። (ካሊምኖስ ከ1912 ጀምሮ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ በኢጣሊያ እጅ የቆየች በመሆኗ፣ ክሊፍት የምታገኛቸው ሽማግሌዎች ከኢትዮጵያውያን ሽማግሌዎች ጋር የሚጋሩት ትዝታ አላቸው።) ልጆቹ በመንደሩ ሕፃናት መካከል ሲጠፉና ሲገኙ፣ ቋንቋውን ከወላጆቻቸው ቀድመው ሲይዙ፣ እናትየው በደስታም በፍርሃትም ትመለከታለች። የዚህ መጽሐፍ ዓረፍተ ነገሮች ፀሐይ የሞቃቸው ናቸው። ክሊፍት የአንድን ጎዳና ጠረንና ጫጫታ በሁለት መስመር የማስቀመጥ ችሎታ አላት፤ በዚህ ረገድ ባልዋ አይደርስባትም።

ደስታው ከየት እንደመጣ መጠየቅ ግን የሐያሲ ግዴታ ነው። መልሱ በመጽሐፉ ውስጥ አለ፤ ስሟ ሰቫስቲ ነው። ሰቫስቲ ቤቱን እንድትይዝ የተቀጠረች የደሴቲቱ ሴት ናት። ሁለቱ ደራሲዎች በየጽሕፈት መኪናቸው ፊት በተቀመጡበት ሰዓት ምድጃው፣ ውሃው፣ ልብሱ፣ የልጆቹ ራት በእሷ እጅ ነው። ክሊፍት ትወዳታለች፤ ታከብራታለችም። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ የምትስላት እንደ አስቂኝና ደግ ገጸ ባሕርይ ነው፤ ሰቫስቲ ገጹን ታሞቃለች፣ ታሪኩን ግን አታንቀሳቅስም። ሁለቱ ባልና ሚስት በጋራ ያሳተሙት «ዘ ስፖንጅ ዳይቨርስ» የተሰኘ ልብ ወለድ የወጣውም ከዚህ ቤት ነው። አንድ ቤተሰብ በሰው አገር ልጆቹን እያሳደገ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት መጽሐፍ ሊወጠን የሚችለው ሦስተኛ እጅ ሲኖር መሆኑን መጽሐፉ ያሳያል እንጂ አይናገርም።

መጽሐፉ ከዚህ የበለጠ ጥልቀት የሚያገኘው ስለ ጠላቂዎቹ ሲተርክ ነው። የካሊምኖስ ወንዶች ክረምቱን በቤታቸው ያሳልፋሉ፤ ከፋሲካ በኋላ ግን በመርከብ ተጭነው ወደ ሰሜን አፍሪካ ዳርቻ ይሄዳሉ፤ የሚመለሱት ከወራት በኋላ ነው። ከጥልቅ ባሕር በፍጥነት የወጣ ጠላቂ ሽባ ሆኖ ይቀራል፤ አንዳንዱም አይመለስም። በደሴቲቱ ውስጥ የሽባውን ጠላቂ እግር መንቀጥቀጥ የሚያሳይ ጭፈራ እስከ ዛሬ አለ። እንግዲህ በአንድ ወደብ ላይ ሁለት ዓይነት ቤተሰብ ይታያል። አንዱ ሥራው ሩቅ አገር ሆኖ ሳለ ልጆቹን አጠገቡ ያስቀመጠ፤ ሌላው ልጆቹን ለመመገብ ልጆቹን ትቶ የሚሄድ። ብዙ ካሊምኖሳውያንም ከአውስትራሊያ የመጡትን እንግዶች ሲያዩ በልባቸው ያለው አንድ ነገር ነበር፤ እንዴት አድርገን ወደ አገራችሁ እንሂድ? ክሊፍት የሸሸችው አገር ለእነሱ የተስፋ አገር ነው። ይህን አጋጣሚ አይታ ጽፋዋለች፤ ለአፍታም ታፍርበታለች፤ ከዚያ ወደ ዜማዋ ትመለሳለች።

የአማርኛ አንባቢ በእነዚህ ገጾች ላይ ከሌላው አንባቢ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ወደ ቤይሩት፣ ወደ ሪያድ፣ ወደ ዱባይ በቤት ሠራተኛነት የሄደች እናት የምትገባበት ፈቃድ ልጅ የሚያስከትል አይደለም። ልጇን ለእናቷ ወይም ለእኅቷ አደራ ብላ የሌላ ሰው ልጅ ለማሳደግ ትሄዳለች። እሷም ለጥቂት ጊዜ ነው ብላ ነው የምትነሣው፤ ቤት እስኪሠራ፣ ታናናሾቿ እስኪማሩ። በ3,500 ዩሮ ስሌት ከመጣው ቤተሰብና ከእሷ መካከል ያለው ልዩነት የጉዞው ርዝመት አይደለም። ሰቫስቲን ከአስቂኝ ገጸ ባሕርይነት አውጥቶ ማንበብ ለዚህ አንባቢ ብዙ አያስቸግረውም፤ በየቤተሰቡ አንዲት ሰቫስቲ ሳትኖር አትቀርምና።

ሁለተኛው መጽሐፍ «ፒል ሚ ኤ ሎተስ» በ1959 ወጣ። በአማርኛ «ሎተስ ላጪልኝ» እንደማለት ነው። ርእሱ ሁለት ነገር በአንድነት ያነሣል። በሆሜር ኦዲሴ ውስጥ ሎተስ የበሉ መርከበኞች ወደ አገራቸው መመለስን ይረሳሉ። በሌላ በኩል አባባሉ ተዋናይቷ ሜይ ዌስት በአንድ የ1933 ፊልም ውስጥ ለገረዷ የምትሰጠውን፣ ወይን ላጪልኝ የሚል ትእዛዝ ያስታውሳል። አገርን መርሳትና ገረድን ማዘዝ በአንድ ሐረግ ተጣምረዋል። ክሊፍት ይህን ስትመርጥ በራሷ ላይ እየሳቀች እንደነበር መገመት አያዳግትም፤ በመጽሐፉ ውስጥ ሎተሱን የምትልጠው ራሷ ናትና።

ቤተሰቡ በዚህ ጊዜ ከካሊምኖስ ወደ ኢድራ ተዛውሯል። ኢድራ መኪና የሌለባት፣ ዕቃው ሁሉ በአህያና በበቅሎ የሚጓጓዝባት ደሴት ናት። መጽሐፉ በወራት የተከፋፈለ ነው፤ በየካቲት ጀምሮ በጥቅምት ያበቃል። ዓመቱ 1956 ነው። ሲጀምር ክሊፍት ነፍሰ ጡር ናት፤ የቀራቸውንም ገንዘብ አሟጠው ቤት ይገዛሉ። ሦስተኛው ልጅ በዚያው በጸደይ ይወለዳል። ከዚያ በኋላ ያለው ትረካ በአብዛኛው የገንዘብና የውሃ፣ የሕፃንና የፖስታ ትረካ ነው። ፖስታ የያዘው መርከብ ሲመጣ ቼክ ይኖር እንደሆነ፣ ባይኖር ለባለሱቁ ምን እንደሚባል፣ ባለሱቁም እስከ መቼ እንደሚታገሥ። ለጊዜው የተባለው ኑሮ ቤት በመግዛትና ልጅ በመውለድ መልሕቅ ጥሏል፤ እንጀራው ግን አሁንም በማዕበል ላይ ነው።

ይህ መጽሐፍ ከመጀመሪያው ያነሰ ተወዳጅ ነው፤ ደግሞም ይበልጣል። ሐሜቱ ይበዛል፤ በደሴቲቱ የሰፈሩት የውጭ አገር ሠዓሊዎችና ጸሐፊዎች በሐሰት ስም እየገቡ ሲጨቃጨቁ አንዳንዱ ምዕራፍ ይንዛዛል። በዚያ ዓመት የሶፊያ ሎረን ፊልም ሊቀረጽ የመጣው ጓድ ወደቡን ሲያጥለቀልቅ የሚታየው ትርምስ ያስቃል፤ ከሚገባው በላይ ግን ይረዝማል። የመጽሐፉ ኃይል ያለው በሌላ ቦታ ነው። ክሊፍት እዚህ ላይ የራሷን የሥራ ሰዓት ማን እንደሚወስድባት መቁጠር ትጀምራለች። ባልዋ ከሥራው ክፍል አይወጣም፤ መውጣትም አይጠበቅበትም፤ የእሱ መጽሐፍ የቤቱ እንጀራ ነው ተብሎ ተወስኗል። እሷም ደራሲ ናት። ሆኖም ሕፃኑ ሲያለቅስ ከጽሕፈት መኪናው የሚነሣው የማን ወንበር እንደሆነ በዚያ ቤት ማንም አይጠይቅም። ክሊፍት ምሬቷን በአዋጅ አትናገርም፤ በወራት መካከል ትበትነዋለች። የነሐሴ ሙቀት፣ የጎብኚዎች ሳቅ፣ የልብስ ክምር፣ ያልተጻፈ ገጽ። በሰው አገር የሚገኘው ነፃነት ለቤተሰቡ አባላት እኩል እንዳልተከፋፈለ አንባቢ የሚረዳው ከዚህ ዝርዝር ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የመጽሐፉን ሚዛን የሚያረጋግጥ ይመስላል። ጆንስተን በ1959 የሳንባ ነቀርሳ ተገኘበት። ስሙን ያስጠራውን «ማይ ብራዘር ጃክ» የተሰኘ ልብ ወለድ የጻፈው እዚያው ኢድራ ላይ ነው፤ ሲጽፍ ክሊፍት አጠገቡ ተቀምጣ ታስታውሰውና ታነጋግረው ነበር። መጽሐፉ በ1964 ታትሞ የአውስትራሊያን ትልቅ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት አገኘ። በዚያው ዓመት እሱ ቀድሞ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ እሷ ልጆቹን ይዛ በመርከብ ተከተለችው። በሲድኒ ክሊፍት ለአምስት ዓመት ያህል በየሳምንቱ በጋዜጣ ላይ እየጻፈች በሺህ የሚቆጠሩ አንባቢዎችን አፈራች። በሐምሌ 1969 በራሷ እጅ ሕይወቷ አለፈ። የጆንስተን «ክሊን ስትሮ ፎር ናቲንግ» ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ታተመ፤ የደሴቲቱን ዘመን በእሱ ዓይን የሚተርክ፣ እሷንም በልብ ወለድ ስም ያስገባ መጽሐፍ ነው። ይህም ተሸለመ። በጥበብ የታነጸ ሥራ ለመሆኑ ክርክር የለም። ነገር ግን በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ትዳር፣ ቅናትና ሕመም ሲኖሩ የልብሱ ክምር የለም። ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ያነበበ ሰው አንዱ ቤተሰብ በሁለት የተለያዩ ደሴቶች የኖረ ይመስለዋል።

በሁለቱም ወገን የማይሰማው የልጆቹ ድምፅ ነው። ክሊፍት ልጆቿን በፍቅር ትስላለች፤ ሆኖም ልጆቹ አብዛኛውን ጊዜ የደሴቲቱ ውበት አካል ናቸው፤ ባዶ እግራቸውን የሚሮጡ፣ በፀሐይ የጠቆሩ፣ በግሪክኛ የሚሳደቡ። ስለ መምጣቱም ሆነ ስለ መቅረቱ አልተጠየቁም፤ በመጽሐፎቹ ውስጥም የሚጠይቃቸው የለም። ይህ የዘመኑ ልማድ ነው ቢባል እውነት ነው፤ የትረካ ጉድለት መሆኑ ግን አይቀርም። ለጥቂት ጊዜ ተብሎ የተወሰዱት ሁለቱ ታላላቅ ልጆች ወደ ሲድኒ ሲደርሱ አንዱ ዐሥራ ስድስት፣ ሌላዋ ዐሥራ አምስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። አውስትራሊያ ለእነሱ ወላጆቻቸው የሚያወሩላቸው አገር ነበረች።

ታላቁ ልጅ ማርቲን ጆንስተን በኋላ ራሱ ባለቅኔ ሆነ። በ1973 በሲድኒ የዘመናዊ ግሪክ ግጥሞችን ወደ እንግሊዝኛ መልሶ አሳተመ፤ የመጽሐፉንም ስም «ኢታካ» አለው። ኦዲሴዎስ ሃያ ዓመት ሙሉ ሊመለስባት የናፈቃት ደሴት ናት።